በመንጠቆ ጫፍ የሚነበብ ሐይቅ፦ ትራውትን በሰው ሠራሽ ዝንብ የማጥመድ ሳይንስ

መግቢያ

ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የተራራ ሐይቅ ዳር አንድ ሰው ቆሟል እንበል። በእጁ ረጅምና ተለማጭ ዘንግ ይዟል። በክሩ ጫፍ ላይ በሚታሰረው መንጠቆ ትል ወይም ሥጋ አይሰካበትም፤ የሚጠቀለልበት ጥቂት ላባና ፀጉር ብቻ ነው። ሰውየው ግን ወዲያው መወርወር አልጀመረም። በመጀመሪያ ተንበርክኮ ከውኃው ዳር አንድ ድንጋይ ገለበጠና ከሥሩ የተጣበቁትን ነፍሳት ተመለከተ። ቀጥሎ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የፀሐይዋን አቀማመጥና የውኃውን ቀለም አጤነ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በሣጥኑ ከያዛቸው በርካታ የዝንብ አምሳያዎች አንዷን መርጦ ከክሩ ጋር ያሰራት።

ይህ ሰው በመዝናናት ላይ ያለ አጥማጅ ነው። ያደረገው ነገር ግን አንድ የሳይንስ ተማሪ በቤተ ሙከራ ከሚያደርገው ብዙ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያ ተመለከተ፤ ከተመለከተው ተነሥቶ «ዓሣው በዚህ ሰዓት የሚበላው ይህን ነው» የሚል መላምት አቀረበ፤ በመጨረሻም መላምቱን መንጠቆ ላይ አስሮ ለፈተና ወደ ውኃው ላከው። ፈራጁ ዓሣው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢን አጥማጅ ማድረግ አይደለም። ትራውት የተባለው ዓሣ በተራራ ሐይቅ የሚጠመድበት ዘዴ በየትኞቹ የፊዚክስና የባዮሎጂ ሕግጋት ላይ እንደተመሠረተ ማሳየት፣ ከዚያም ያው ዕውቀት እንዴት አድርጎ ወደ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ እንደሚያደርሰን መመርመር ነው። ጥያቄውም፦ በተራራው ሐይቅ የሚዋኘው «የዱር» ዓሣ በእርግጥ የሐይቁ ተወላጅ ነውን? የሚል ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘውን የሴራ ኔቫዳ የተራራ ሰንሰለት ሲሆን፣ በመጨረሻ ወደ ሀገራችን የባሌ ተራሮች እንመለሳለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራውት ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ትራውት ከሳልመን ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበትን ውኃ የሚወድ አዳኝ ዓሣ ነው። ከታወቁት ዝርያዎቹ መካከል ሬይንቦው ትራውት ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ በሚፈስሱ የሰሜን አሜሪካና የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ወንዞች በተፈጥሮ ይገኛል። ብራውን ትራውት የአውሮፓ፣ የምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ የአትላስ ተራሮች ተወላጅ ነው። ብሩክ ትራውት ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ዓሣ ነው። ከእነዚህ ሌላ በደማቅ ወርቃማ ቀለሙ የሚታወቀው ጎልደን ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ የተፈጥሮ መኖሪያው በደቡባዊ ሴራ ኔቫዳ የከርን ወንዝ መነሻ የሆነ ጠባብ አካባቢ ነው።

ይህን ዓሣ በዝንብ አምሳያ ማጥመድ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለውና ሁለት ላባዎች አክለው ነጠብጣብ ያለበትን የወንዝ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ገልጿል። እውነተኛዋን ዝንብ ስለ ምን እንደማይጠቀሙባትም ጠቅሷል፤ የሰው እጅ ሲነካት ቀለሟ ይጠፋል፣ ክንፏም ይበላሻል። አስመስሎ መሥራት ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ክብደት የሌላትን ዝንብ መወርወር

በተለመደው ዘዴ የሚያጠምድ ሰው በክሩ ጫፍ እርሳስ ያስራል። እርሳሱ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ይሄዳል፤ ቀላሉ ክርም ይከተለዋል። የዝንብ አምሳያ ግን ክብደቷ ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ነው፤ ላባዋም አየሩን ይቃወማል። አንዲት ላባ ይዞ አርቆ ለመወርወር የሞከረ ሰው የችግሩን ምንነት ይረዳዋል። መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው፤ ይኸውም ዝንቧ ክሩን መጎተቷ ቀርቶ ክሩ ዝንቧን እንዲወስዳት ማድረግ ነው። ስለዚህ የሚወረወረው ገመድ ራሱ ክብደት እንዲኖረው ሆኖ ይሠራል። ለምሳሌ በደረጃ አወጣጥ ቁጥር አምስት የሚባለው የተለመደ ገመድ የመጀመሪያው 9 ሜትር ያህል ርዝመቱ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል።

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲያጮኽ ያደገ ሰው የዚህን አወራወር ፊዚክስ በእጁ ያውቀዋል። ጅራፉ ሲወነጨፍ አንድ ጥምዝ ይፈጠርና ከእጀታው ወደ ጫፉ ይጓዛል። ጥምዙ ወደ ፊት በገፋ መጠን በመንቀሳቀስ ላይ ያለው የጅራፉ ክፍል እያጠረና እየቀጠነ ይሄዳል። የአንድ አካል የእንቅስቃሴ ጉልበት የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ መሆኑን ተምረናል። እንግዲህ ጉልበቱ በአመዛኙ ሳይጠፋ መጠነ ቁሱ ካነሰ ፍጥነቱ መጨመር ግድ ይሆንበታል። የጅራፍ ጫፍ በዚህ መንገድ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ያልፋል። የምንሰማው ጩኸትም ጅራፉ አንድ ነገር በመምታቱ የመጣ አይደለም፤ ጫፉ የድምፅን ፍጥነት አልፎ ሲሄድ በአየር ውስጥ የፈጠረው የግፊት ሞገድ ነው።

የአጥማጁም ገመድ የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ አጥማጁ የሚፈልገው ጩኸትን ሳይሆን ጸጥታን መሆኑ ላይ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ሲያነሣ ገመዱ ከጀርባው በአየር ላይ ተዘርግቶ እስኪቃና ድረስ ለአፍታ ይጠብቃል፤ ከዚያም ወደ ፊት ይልከዋል። ቸኩሎ ገመዱ ሳይቃና ወደ ፊት ከገፋው ከኋላው እንደ ጅራፍ የሚጮኽ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ዝንቧ ተበጥሳ ትጠፋለች። በትክክል ሲወረወር ግን የገመዱ ጫፍ እየቀጠነ ስለሚሄድና ከእርሱም ቀጥሎ የሚታሰረው ቀጭንና ብርሃን አሳላፊ ክር በአየር መቋቋም ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ዝንቧ ከላይ እንደ ወደቀች እውነተኛ ነፍሳት በለስላሳው ውኃው ላይ ታርፋለች።

ዓሣው ከውኃ ውስጥ ምን ያያል?

ዝንቧ ውኃው ላይ ካረፈች በኋላ ጉዳዩ ከመካኒክስ ወደ ብርሃን ጥናት ይሸጋገራል። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን እንደሚቀይር፣ ይህም ሪፍራክሽን እንደሚባል እናውቃለን። ከአድማስ ጋር ትይዩ ሆኖ የመጣ ብርሃን እንኳ ወደ ውኃ ሲገባ ከቀጥታ ቁልቁል መስመር በ49 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነብላል። የዚህ ውጤት አስገራሚ ነው። ከውኃ በታች ሆኖ ወደ ላይ ለሚመለከት ዓሣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው 180 ዲግሪ ዓለም በሙሉ 97 ዲግሪ ስፋት ባለው ሾጣጣ ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። ይህ ክብ መስኮት የስኔል መስኮት ይባላል።

ከመስኮቱ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ ለዓሣው መስተዋት ነው፤ የሚያሳየው የሐይቁን ወለል ነጸብራቅ ነው። የመስኮቱ ስፋትም ዓሣው ባለበት ጥልቀት ይወሰናል። ቀላል የትሪጎኖሜትሪ ስሌት እንደሚያሳየው የመስኮቱ ዲያሜትር የጥልቀቱ 2.3 እጥፍ ያህል ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ 2.3 ሜትር ስፋት ባለው መስኮት ያያል፤ ከገጹ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚዋኝ ዓሣ ግን መስኮቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከዚህ በመነሣት አጥማጁ ሁለት ነገሮችን ይማራል። አንደኛ፣ ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ተጠግቶ በሚመገብበት ጊዜ ዝንቧ እጅግ ቀርባ ካላረፈች አጥርቶ አያያትም። ከመስኮቱ ውጭ ያለች ዝንብ የምትታወቀው እግሮቿ በመስተዋቱ ላይ በሚፈጥሯቸው ጥቃቅን ስርጉዳቶች ብቻ ነው፤ አካሏና ክንፏ አጥርተው የሚታዩት ወደ መስኮቱ ስትገባ ነው። ሁለተኛ፣ በባሕር ዳርቻው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ለዓሣው ይታያል፤ ተንበርክኮ ዝቅ ያለ ሰው ግን ከአድማሱ ጋር ተጨፍልቆ ከዕይታ ይሰወራል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ጎንበስ ብለው የሚሄዱበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሐይቁ እንደ ወንዝ አይደለም

በወንዝ ውስጥ ትራውት ከድንጋይ ጀርባ ቦታ ይዞ ይቆማል፤ ምግቡን ወራጁ ውኃ ያመጣለታል። በሐይቅ ግን ወራጅ ስለሌለ ዓሣው ራሱ እየዞረ ምግቡን መፈለግ አለበት። ስለሆነም አጥማጁ «ዓሣው የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ስለ ሙቀት፣ ስለ ኦክስጅንና ስለ ነፋስ ማሰብ ይኖርበታል።

የውኃ እፍግታ ከፍተኛ የሚሆነው በ4 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅም ሆነ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ውኃ ይቀላል። ሐይቁ ከላይ ወደ ታች የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። በሴራ ኔቫዳ ከፍተኛ ሐይቆች የበረዶው ክዳን እስከ ሰኔና ሐምሌ ሊቆይ ይችላል። በረዶው ቀልጦ የላይኛው ውኃ 4 ዲግሪ ሲደርስ ነፋስ ሐይቁን ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። በዚህ ወቅት ቀድሞ የሚሞቀው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ስለሆነ ነፍሳትም ዓሣውም በዚያ ይሰበሰባሉ።

በጋው ሲገፋ ደግሞ ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆነው ይደራረባሉ። ለሬይንቦው ትራውት ተስማሚ የሆነው ሙቀት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። ሙቀት በሁለት በኩል ይጎዳዋል። በአንድ በኩል የሰውነቱን የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል፤ በሌላ በኩል በውኃው ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ደረጃ በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ እስከ 11.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ መጠኑም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በሞቃት ቀትር ዓሣው ወደ ጥልቁ ወይም ቀዝቃዛ ምንጭ ወደሚገባበት ይሸሻል፤ ማለዳና ምሽት ወደ ዳርቻው ይመለሳል።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። የሴራ ኔቫዳ ሐይቆች በአብዛኛው በበረዶ ግግር ተቦርቡረው በጥቁርና ነጭ ጠጠር በተሠራው የግራናይት ዓለት ላይ የተኙ በመሆናቸው የማዕድን ንጥረ ነገራቸው አነስተኛ ነው። በውስጣቸው የሚበቅለው ጥቂት ስለሆነ ከውጭ የሚመጣው ምግብ ዋጋ አለው። ከሸለቆው ወደ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ጉንዳን፣ ጥንዚዛና አንበጣ እያመጣ ሐይቁ ላይ ይጥላቸዋል። እነርሱም በውኃው ገጽ ውጥረት ተይዘው ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳርቻ ይከማቻሉ። አጥማጁ የነፋሱን አቅጣጫ ያጠናው ለዚህ ነበር።

የሐይቁ የምግብ ዝርዝር

አሁን ወደ ተገለበጠው ድንጋይ እንመለስ። በቀዝቃዛ ሐይቆች ከሚገኙት ነፍሳት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ካይሮኖሚድ የተባለው፣ ትንኝ የሚመስል ግን ሰው የማይነክስ ነፍሳት ነው። ዕጩ በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ያድጋል። አንዳንዶቹ ዕጮች እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ቀይ ናቸው፤ ይህም ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ እንዲኖሩ ይረዳቸዋል። ዕጩ ፒዩፓ ወደሚባለው የሽግግር ደረጃ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣና በውኃው ገጽ ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከዚያም ቆዳውን ሰንጥቆ ይበርራል። በዚህ በተንጠለጠለበት ደቂቃ ነው ትራውት የሚለቅመው።

ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ሜይፍላይ የሚባለው ነው። ይህ ነፍሳት ክንፍ ካወጣ በኋላ ዳግመኛ ቆዳውን የሚቀይር ብቸኛው የነፍሳት ወገን ነው። በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎቹ በልጅነታቸው በድንጋይና በውኃ ዕፅዋት መካከል በግልጽ ይዋኛሉ። ክንፍ ካወጡ በኋላ ግን አይመገቡም፤ ዕድሜያቸው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት የሚቆጠር ሲሆን ተራክበው፣ እንቁላላቸውን ጥለው ይሞታሉ።

ዓሣ አንድ ዓይነት ምግብ በብዛት ሲያገኝ በእርሱ ላይ ያተኩራል፤ ሌላውን ችላ ይላል። ስለዚህ ለአጥማጁ የነፍሳቱን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ በየትኛው የዕድገት ደረጃ፣ በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ማወቅ አለበት። ዓሣው ከገጹ ሥር የተንጠለጠለውን ሲለቅም ከገጹ በላይ የተንሳፈፈች ውብ ዝንብ ብትቀርብለት አይነካትም። መላምቱ ተፈትኖ የሚወድቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይሁን እንጂ በሴራ ኔቫዳ በርካታ ሐይቆች ድንጋይ የሚገለብጥ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ትራውት በሞላበት ሐይቅ ከድንጋዩ ሥር የሚዋኙ ትላልቅ ነፍሳት እምብዛም አይገኙም። ከሸንተረሩ ማዶ ዓሣ ወደሌለበት ሐይቅ ተሻግሮ ተመሳሳዩን ድንጋይ ቢገለብጥ ግን ሜይፍላዮች ይርመሰመሳሉ፤ በዳርቻውም የእንቁራሪት ዕጮች ይታያሉ። ትራውት ባለበት ሐይቅ የተረፉት በአመዛኙ ጭቃ ውስጥ የሚቀበሩት ካይሮኖሚዶች ናቸው። በሌላ አነጋገር የአጥማጁ ሣጥን በጥቃቅን የካይሮኖሚድ አምሳያዎች የተሞላው ዓሣው ያንን ስለሚመርጥ ብቻ አይደለም፤ ሌላውን አስቀድሞ በልቶ ስለጨረሰው ጭምር ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ይህ ዓሣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የኖረው?

የዱር ነው ወይስ ሀገር በቀል?

መልሱ፦ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። የበረዶ ግግር ሸለቆዎቹን ሲቦረቡር ከሐይቆቹ በታች ገደሎችንና ፏፏቴዎችን ትቶ ሄዷል። ዓሣ እነዚህን መውጣት ስላልቻለ በሴራ ኔቫዳ ከፍተኛ ቦታ የሚገኙት በሺዎች የሚቆጠሩ ሐይቆች ማለት ይቻላል በሙሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዓሣ አልባ ሆነው ኖረዋል።

ዓሣውን ወደ ላይ ያወጣው ሰው ነው። በ1876 አሥራ ሦስት ጎልደን ትራውት ዓሦች በቡና ማፍያ ዕቃ ውስጥ ሆነው ከተወለዱበት ጅረት ኮተንውድ ወደሚባል ዓሣ አልባ ጅረት ተወሰዱ። ከዚህ የተገኙት ዘሮች በኋላ ወደ ሌሎች ሐይቆች ተዛመቱ። በሌሎች አካባቢዎችም የዓሣ ጫጩቶች በበቅሎ እየተጫኑ ይወጡ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአውሮፕላን ከሰማይ ወደ ሐይቆቹ መበተን ተጀመረ። ብሩክ ትራውትና ብራውን ትራውትም ከሩቅ አገር መጥተው በዚሁ መንገድ ገቡ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «የዱር» ዓሣ ማለት በሰው እርባታ ሳይሆን በውኃው ውስጥ በራሱ ተራብቶ የተወለደ ማለት ነው። «ሀገር በቀል» ማለት ደግሞ ዝርያው ያለ ሰው እገዛ በዚያ ሥፍራ የኖረ ማለት ነው። አንድ ዓሣ የመጀመሪያውን ሆኖ ሁለተኛውን ላይሆን ይችላል። በበርካታ ሐይቆች ዓሣ መጨመር ከቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ትራውቱ በጅረቶቹ ጠጠር ላይ እንቁላሉን እየጣለ ዘሩን ቀጥሏል። ስለዚህ የዱር ነው፤ ነገር ግን መጤ ነው።

መጤው ራሱም ሁልጊዜ አልተመቸውም። ምግብ ባነሰበት ሐይቅ ብሩክ ትራውት ከመጠን በላይ ሲራባ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አካሉ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በሴራ ኔቫዳ ባኒ በተባለች ትንሽ ሐይቅ የተጨመሩ ብሩክ ትራውቶች ለዚህ ዝርያ እጅግ ረጅም የሆነ 24 ዓመት ዕድሜ እንደኖሩ ተመዝግቧል። ይህ የጤንነት ምልክት ሳይሆን በረሃብ የተጓተተ ዕድገት ውጤት ነበር።

እንቁራሪቱ፣ ወፉና እባቡ

ጆሴፍ ግሪኔልና ትሬሲ ስቶረር የተባሉ የሥነ እንስሳት ሊቃውንት ስለ ዮሰሚቲ አካባቢ እንስሳት በ1924 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቢጫ እግር ያለው የተራራ እንቁራሪት በአካባቢው በብዛት የሚገኝ መሆኑን መዝግበዋል። ዓሣ ወደ አንድ ሐይቅ ሲገባ እንቁራሪቶቹ ውለው አድረው እንደሚጠፉም በዚያን ጊዜ አስተውለዋል። ምክንያቱ በእንቁራሪቱ የዕድገት ሁኔታ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚያዘገየው ዕጩ ሙሉ እንቁራሪት ለመሆን ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በክረምት እስከ ወለሉ የማይረጋ ጥልቅ ሐይቅ ያስፈልገዋል። ትራውትም የሚፈልገው ያንኑ ሐይቅ ነው። ዕጩ አራት ዓመት ሙሉ ከአዳኙ የሚሸሸግበት ሥፍራ የለውም።

ሮላንድ ናፕና ካትሊን ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1700 በላይ የውኃ አካላትን መርምረው በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ትራውት በተስፋፋበት አካባቢ እንቁራሪቱ በእጅጉ እንደተመናመነ አሳይተዋል። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሙከራ ያስፈልጋል። ቫንስ ቭሬደንበርግ በኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ከተወሰኑ ሐይቆች ትራውትን በመረብ እያወጣ፣ ዓሣ ከቀረባቸው ሐይቆች ጋር አነጻጸረ። በ2004 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ዓሣው በወጣባቸው ሐይቆች የእንቁራሪቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት አንሠራራ።

ተጽዕኖው ከውኃው ዳር አልፎም ይሄዳል። እንቁራሪት የሚመገበው የተራራ እባብ እንቁራሪቱ ሲጠፋ ይቀንሳል። ከሐይቁ የሚበርሩትን ሜይፍላዮች የሚለቅሙ ወፎችም ዓሣ አልባ በሆኑ ሐይቆች ዙሪያ በብዙ እጥፍ በልጠው ይታያሉ። ቀድሞ ወደ አየር ይወጣ የነበረው ምግብ አሁን በትራውት ሆድ ውስጥ ቀርቷልና።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በዓለም ዙሪያ የእንቁራሪቶችን ቆዳ እያጠቃ ሲዛመት፣ ከትራውት ነጻ በወጡት ሐይቆች የነበሩትን እንቁራሪቶች ጭምር በብዛት ፈጀ። በ2014 ቢጫ እግሩ እንቁራሪት ለጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ በአሜሪካ ሕግ ገባ። ይሁን እንጂ በዮሰሚቲ ከፈንገሱ የተረፉ እንቁራሪቶች ቀስ በቀስ የመቋቋም አቅም አዳብረዋል፤ በ2016 የታተመ ጥናት በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ሰባት እጥፍ ገደማ እንደጨመረ ዘግቧል። እነዚህን እንቁራሪቶች ዓሣ ወደሌለባቸው ሐይቆች በማዛወር አዲስ ማኅበረሰብ መመሥረት እንደሚቻልም ተረጋግጧል። ትራውት የሌለበት ጥልቅ ሐይቅ ባይኖር ኖሮ እነዚህ የተረፉ እንቁራሪቶች የሚመለሱበት ቤት አይኖራቸውም ነበር።

ዓሣውን ከሁሉም ሐይቆች የማስወጣት ሐሳብ የለም። ሥራው አድካሚ ነው፤ የሚካሄደውም በተመረጡ ሐይቆች ብቻ ነው። አጥማጁ የሚሄድበት ሐይቅ ሞልቷል። ብዙ አጥማጆችም ሐይቁን በቅርብ የሚያውቁ ስለሆኑ ጉዳዩ ሲገለጽላቸው የሚረዱት ከማንም ቀድመው ነው።

ወደ ባሌ ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ትራውት በተፈጥሮ አይገኝም። የምሥራቅ አፍሪካ ትራውት በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ኬንያ ደጋማ ወንዞች የገባ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ሬይንቦው ትራውትና ብራውን ትራውት ከኬንያ መጥተው ዌብን በመሳሰሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ተጨመሩ። ዛሬ እዚያው ተራብተው ይኖራሉ፤ ጎብኚዎችም በዝንብ አምሳያ ያጠምዷቸዋል። ከላይ በተሰጠው ትርጉም መሠረት የባሌ ትራውት የዱር ዓሣ ነው፤ ሀገር በቀል ግን አይደለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አካባቢው በቀይ ቀበሮው የታወቀ ቢሆንም በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎችም መኖሪያ ነው። ከእነዚህም አንዷ በ1991 ለሳይንስ የተዋወቀችውና በደን ውስጥ ጅረቶች ዳር የምትኖረው ትንሿ የባሌ እንቁራሪት ናት፤ ዛሬ እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ትመደባለች። በሳነቴ አምባ ላይም እንደ ሴራ ኔቫዳ ሁሉ የበረዶ ግግር የቀረጻቸው ሐይቆች አሉ።

ከሴራ ኔቫዳ የተገኘው ትምህርት ዓሣ ሁሉ ጠላት ነው የሚል አይደለም። የባሌ ወንዝ የግራናይት ሐይቅ አይደለም፤ የባሌ እንቁራሪቶችም የዕድገት ሁኔታቸው የተለያየ ነው። ለምሳሌ በባሌ የምትኖር አንዲት ጉርጥ እንቁላሏን የምትጥለው በየብስ ላይ ነው። ትምህርቱ ያለው በዘዴው ላይ ነው። ትራውት ሊወጣው የማይችል ፏፏቴ ባለበት ጅረት ከፏፏቴው በላይና በታች ድንጋይ ገልብጦ ነፍሳትን መቁጠር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ወንፊት መሰል መረብ፣ ሳህን፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ውኃው፣ ከፍታውና የወለሉ ድንጋይ ተመሳሳይ ሆነው ነፍሳቱ ቢለያዩ የልዩነቱን ምክንያት ለመጠየቅ በቂ መነሻ ይገኛል። ይህ በአንድ የባዮሎጂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

የዝንብ አምሳያን መወርወር ጅራፍን ከሚያጮኸው ሕግ፣ ዓሣውን ማታለል ብርሃንን ከሚሰብረው ሕግ፣ ዓሣውን ማግኘት ደግሞ ውኃን በ4 ዲግሪ ከሚያከብደው ሕግ የተያያዘ መሆኑን አይተናል። ከሁሉ በላይ ግን አጥማጁ መንጠቆው ላይ የሚያስረው ነገር የሐይቁን የምግብ ሰንሰለት ሁኔታ የሚናገር ማስረጃ መሆኑን ተገንዝበናል። ሐይቁ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ይናገራል።

ዓሣን ወደ አንድ ሐይቅ ለመጨመር አንድ የቡና ማፍያና የአንድ ቀን ጉዞ በቅቶ ነበር። መልሶ ለማውጣት ግን ለዓመታት በመረብ መድከም አስፈልጓል። በሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ባሉ ውኃዎች ላይ አዲስ ዓሣ ለመጨመር ሐሳብ በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነገር ያ አጥማጅ ከመወርወሩ በፊት ያደረገው ነው፤ ተንበርክኮ ድንጋዩን መገልበጥና ከሥሩ ማን እንደሚኖር ማየት።